አሸዋው ይጠጣዋል

ድሬዳዋ ውስጥ «ሽንት ቤታችን ሞልቶ አያውቅም» ማለት የቤት ሙገሳ ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ከውሃና ከመብራቱ ቀጥሎ የሚጠራው ይህንን ነው፤ የሚከራየውም ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ዓመታት አልፈውት አንድም ቀን መጣጭ መኪና ያልተጠራለት ጉድጓድ የባለቤቱ ብልህነት ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ ሙገሳ መካከል ነው ያደግሁት። ሰፈሩ በሙሉ እየተጠቀመ የማይሞላው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

መልሱን የሚያውቁት ቆፋሪዎቹ ናቸው። አንድ ጊዜ የጎረቤቶቻችንን ጉድጓድ ሲቆፍሩ አፉ ላይ ቆሜ ሳይ፣ አንደኛው ከታች ሆኖ «ጋሼ፣ ትንሽ እንቀጥል፤ የሚጠጣው አሸዋ ጋ አልደረስንም» ይላል። ባለቤቱም «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አሉ። ጭቃ ያዘለ አፈር ላይ ከቆመ ውሃ ያቁራል፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ይሞላል፤ ንጹህ አሸዋና ጠጠር ላይ ከደረሰ ግን አሸዋው ይጠጣዋል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን የከርሰ ምድር ውሃ ትምህርት እነዚህ ልጆች በአካፋ ተምረውታል። የሚፈልጉት ንብርብር ፈሳሽን ሳያስቸግር ወደ ታች የሚያሳልፈው ነው፤ የምንጠጣውን ውሃ የሚሞላውም ይኸው ንብርብር ነው።

ድሬ ግድብ የላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የላትም። ከተማውን የሚያቋርጠው የጎርፍ መውረጃ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይውልበታል፣ መኪና ይታጠብበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ያው ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ደቻቱ ስናወራ የምናወራው ስለ ጎርፉ ነው፤ ይገባናልም፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በከተማው አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን ደቻቱ በየዓመቱ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ። ከደንገጎ ሸንተረር የወረደው ዝናብ አሸዋው ውስጥ እየሰረገ ከከተማው ሥር ይከማቻል፣ ከዚያም በዝግታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ አቅጣጫ ይጓዛል። ከቧንቧችን የሚወጣው ይህ ነው። ከተማይቱ በውሃዋ መንገድ ላይ ተቀምጣለች።

እንዲህ እንድትቀመጥ የወሰነው ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊደርስ ታስቦ፣ ተራራው አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ሲገኝ ከሥሩ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፣ ዙሪያውን ከተማ በቀለ፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። መሐንዲሶቹ የፈለጉት ደልዳላ መሬት ነበር። ደልዳላው መሬት ደግሞ ጎርፍ ለሺህ ዓመታት ተሸክሞ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው። ቤት ለመሥራት ምቹ፣ ሽንት ቤት ለመቆፈር ምቹ፣ ውሃ ለማጠራቀምም ምቹ።

ሳቢያንን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ሳቢያን የከተማ ዳር ነበር። ዛሬ ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤት አለው፣ ማደያ አለው፣ ጋራዥ አለው፣ ላቫጆ አለው፣ በየግቢው ደግሞ ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ አለው። ቤቶቹ ውሃውን ተከትለው የመጡ ይመስላል። ማንንም አልወቅስም፤ ሰው መኖሪያ ይፈልጋል፣ መሬቱም ተሰጥቶት ነው የሠራው። አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ስላልተገናኘ ያለው አማራጭ መቆፈር ብቻ ነው። ሽንት ቤት ያለው ቤት ከሌለው ይሻላል፤ ይህን ለመረዳት ሜዳ ላይ መጸዳዳት የሚያመጣውን ተቅማጥና ኮሌራ ማስታወስ ይበቃል። ችግሩ ጤናን ለመጠበቅ የቆፈርነው ነገር ጥልቀቱና ቦታው ሳይታይ ሲቀር ሌላ በር መክፈቱ ነው።

በዚያ በር የሚገባው ዋናው ነገር ናይትሬት ይባላል። በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ አየር በሚያገኝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የኛ አሸዋ ለዚህ የተመቸ ነው። ናይትሬት በውሃ ይሟሟል፣ በአሸዋ አይያዝም፣ ቀለም የለውም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ያለው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይበልጥ የሚጎዳው በጡጦ ወተት የሚመገብ፣ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። የከተማችንን የውሃ ጉድጓዶች የመረመሩ ጥናቶች በመሀል ከተማ ካሉት አንዳንዶቹ ይህን ጣሪያ ማለፋቸውን ከጻፉ ቆይተዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ከጥናት መደርደሪያ ወጥቶ ቡና ላይ አለመወራቱ ነው የሚገርመኝ።

ስሌቱን እኔ ራሴ በወረቀት ሠርቼው ነበር፣ እናንተም ሞክሩት። አንድ ሰው በዓመት ወደ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ያስወጣል፣ አብዛኛው በሽንት ነው። ሁሉም ወደ ናይትሬት ቢለወጥ ከ17 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን ከጣሪያው በታች ለማቅጠን ወደ 350 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። ሁሉም አይደርስም፤ ከፊሉ አየር ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ በዝቃጩ ውስጥ ይያዛል። ሩቡ ብቻ ይደርሳል ብለን እናቅልለው፤ ለአንድ ሰው ወደ 88 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሁን ዝናቡን እንመልከት። ድሬ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች። ከዚህ አንድ አሥረኛው ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል ብንል፣ በዚህ ሙቀት ለጋስ ግምት ነው፣ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት የሚያስገባው 600 ሜትር ኩብ ነው። ለሰባት ሰው እንኳን አይበቃም። አንድ ሄክታር ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር ለማወቅ ደግሞ መጋላን ወይም ገንደ ቆሬን የመሰለ ሰፈር በእግር መዞር ነው።

እስካሁን የምንጠጣው ውሃ የሚጠጣ ሆኖ የቆየው ከላይ፣ ከተራራው ሥር፣ ንጹህ ውሃ እየመጣ ስለሚያቀጥንልን ነው። ተራራው ዕዳችንን እየከፈለልን ነው ማለት ነው። ሸንተረሩ ላይ ደን ባለቀ ቁጥርና ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ባለፈ ቁጥር ግን ከፋዩ እየደከመ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ የከተማዬን ልማድ ሳላነሳ ባልፍ አንጀቴ አይችልም። የድሬ ሰው ከውሃው የሚፈራው ነጩን ነገር ነው። ጀበናው ውስጥ የሚጋገረው፣ ማንቆርቆሪያውን የሚያጠብበው፣ የመታጠቢያውን ቀዳዳ የሚደፍነው ኖራ። «ኩላሊታችንን ጨረሰው» ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ «የኛን ውሃ አትልመደው፣ የታሸገ ግዛ» ይባላል። ያ ነጭ ነገር ከተራራው የኖራ ድንጋይ የሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፣ ባቡሩም ከተማውም ሳይኖሩ ነበረ። የልብስ ሳሙና ያስጨርሳል፣ ዕቃ ያበላሻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለዚህ የጤና ጣሪያ አላስቀመጠለትም። የሚታየውን ስንፈራ የማይታየው በጎን ገብቷል። ይብስ ብሎ መፍትሔ ብለን የያዝነው ማፍላት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ጥሩ ነው፣ አታቁሙ። ናይትሬትን ግን አይነካውም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይጠነክራል። ክሎሪንም እንደዚሁ ምንም አያደርገውም። ለሕፃን ጡጦ ተብሎ ደጋግሞ የሚፈላ ውሃ ናይትሬት ካለበት ከመነሻው የባሰ ይሆናል። ይህንን ለእናቶች የሚነግር ማስታወቂያ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አይቼ አላውቅም።

ስለ ብክለት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፋብሪካ ነው። ኮተኒ የምንለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ፣ አሁን ደግሞ በመልካ ጀብዱ በኩል ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ። ይጠየቁ፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካዩ እንዲያጸዳና ወጪውን እንዲሸፍን ያስገድዳል። ፋብሪካ ግን በር አለው፣ ታፔላ አለው፣ ሥራ አስኪያጅ አለው። ሄዶ ናሙና መውሰድ ይቻላል። የእኔና የጎረቤቶቼ ጉድጓዶች በር የላቸውም፣ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ትልቅ ፋብሪካ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካውን ወቅሶ መተኛት ይቀላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

ጋራዦቹም እንዲሁ። የተቃጠለ ዘይት የት እንደሚሄድ ጠይቁ። የተወሰነውን የእንጨት ሰዎች ምስጥ ለመከላከል ይገዙታል፤ የተወሰነው አቧራ እንዳይነሳ ተብሎ ግቢ ላይ ይረጫል፤ የቀረው ጥግ ላይ ይደፋል። ጥቁር ሆኖ የደነደነ የጋራዥ መሬት ለዓይን ምንጣፍ ይመስላል። ዘይቱ ራሱ ወፍራም ስለሆነ አፈሩ ላይ ይዘገያል፣ አፈርም ብዙ ይይዝለታል፤ ከሞተር የታጠቡት እርሳስና ሌሎች ብረቶች ግን እዚያው ይቆያሉ። በዚያ መሬት ላይ ነገ ቤት ሲሠራ ልጆች ይጫወቱበታል። አፈር ማጣሪያ ነው ሲባል የሚረሳው ይህ ነው፤ ማጣሪያ የያዘውን ይዞ ይቀራል። የአሮጌ ባትሪ አሲድ የሚደፋበት ቦታማ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከሁሉ የምፈራው ማደያ ነው። የተቀበረ የብረት ታንከር ዝገት ሲበላው ማንም አያይም። ነዳጅ ከሽንት ጋር ሲነጻጸር ጥቂቱ ብዙ ውሃ ያበላሻል፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እየተሟሟ ይጓዛል። የሚያጋልጠው መዝገብ ብቻ ነው፤ ጠዋት በመለኪያ ዘንግ የተለካው፣ ቀን የተሸጠውና ማታ የቀረው ካልገጠሙ አንድ ነገር አለ። ባለማደያው ልዩነቱን «ተኖ ነው» ካለ፣ ወይም ቀጂውን በሌብነት ከጠረጠረ፣ መሬቱ እየጠጣ ይከርማል። ከታንከሩ ጎን አንዲት ቀጭን የመፈተሻ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

እስካሁን ከተሞቻችን ለዚህ ሁሉ የሰጡት መልስ ራቅ ብሎ መቆፈር ነው። ውሃው ሲቀንስ ወይም ሲበላሽ አዲስ የጉድጓድ ቦታ ይፈለጋል፣ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል። መቆፈሩ ግዴታ ነው፣ ሕዝቡ በዝቷል። ግን አዲሱ ቦታ ላይ በነጋታው ምን ይሠራል? ሐረርን እንመልከት። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውሃዋን ከታች፣ ከድሬ ቆላ ጉድጓዶች፣ ተራራ እያስወጣች መጠጣት ጀመረች። አንድ ጊዜ ባቡር ሐረር መውጣት አቅቶት እታች ቀረ፤ ዛሬ ውሃ በፓምፕ ያንን ተራራ ይወጣል። እንግዲህ የሁለት ከተማ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተመርኩዟል። ከዚህ በኋላ የሚሸሽበት ሌላ ሜዳ ሩቅ ነው፣ ፓምፑም የሚጠጣው መብራት ብዙ ነው።

መጠበቅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሌላው ዓለም ሠርቶ አሳይቷል። ጀርመኖች የውሃ ጉድጓዳቸውን በሦስት ክልል ይከባሉ። የመጀመሪያው ጉድጓዱ ራሱና ዙሪያው ቢያንስ 10 ሜትር ነው፣ ታጥሮ ከውሃ ሠራተኛ በቀር ማንም አይገባም። ሁለተኛው ውሃ ከሥሩ ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ 50 ቀን የሚፈጅበት ርቀት ነው፤ አብዛኛው ጀርም በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል ተብሎ ይታሰባል። ሦስተኛው ውሃው የሚመጣበት ተፋሰስ በሙሉ ነው። የኛን አሸዋ ሳስብ ሁለተኛው ክልል የት ድረስ እንደሚዘረጋ ያሳስበኛል፤ በጠጠር ውስጥ ውሃ 50 ቀን ሩቅ ይሄዳል፣ ናይትሬት ደግሞ በ50 ቀንም በ50 ዓመትም አይሞትም። ስለዚህ ለኛ ዋናው ሦስተኛው ክልል ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ከተማው ተቀምጦበታል።

ሚዩኒክ ያደረገችው ይበልጥ ይማርከኛል። አብዛኛው ውሃዋ የሚመጣው ማንግፋል ከሚባል ሸለቆ ነው፣ እዚያ ደግሞ ገበሬዎች አሉ። የከተማው ውሃ ድርጅት ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማዳበሪያና የተባይ ኬሚካል ትተው በተፈጥሮ መንገድ ለሚያርሱት ገበሬዎች ይከፍላል። ናይትሬቱ በዚያን ጊዜ ጣሪያውን አልነካም ነበር፤ ገና ሩቅ እያለ፣ መውጣት ሲጀምር ነው የተንቀሳቀሱት። ያንን ሳነብ ቅናት ያዘኝ። ገንዘባቸውን አልቀናሁም፣ ቀድመው መደንገጣቸውን ነው የቀናሁት። የከርሰ ምድር ውሃ ተበላሽቶ ከተገኘ በኋላ መመለስ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ዛሬ ሁሉንም የሽንት ቤት ጉድጓድ ብንደፍን እንኳ ትናንት የፈሰሰው መንገድ ላይ ነው፣ ገና ይመጣል።

ታዲያ ለድሬ ምን? አቦ፣ የፍሳሽ መስመር በአንዴ ለከተማው ሁሉ ይዘርጋ ብዬ ሕልም አላወራም። መጀመሪያ ካርታ ይሠራ፤ ማደያ፣ ጋራዥ፣ ላቫጆ፣ ቄራ፣ የድሮ ቆሻሻ መጣያ፣ የባቡሩ አሮጌ ወርክሾፕ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው የውሃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ። ለመወንጀል ሳይሆን ለማወቅ። በብዙ አገር አሮጌ የባቡር ወርክሾፕ ያለበት መሬት ቤት ከመሠራቱ በፊት አፈሩ ይመረመራል። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ገዥ ይፈለግለት። የሲሚንቶ ምድጃ ወደ 1,450 ዲግሪ ይሞቃል፣ በሌላ አገር የተቃጠለ ዘይት በማገዶነት ይነድበታል፤ ከተማችን ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ አላት። ዘይቱ ዋጋ ካለው ማንም አይደፋውም፤ መካኒኩን በቅጣት ከማስፈራራት ይህ ይቀላል። ከደቻቱ በሲኖትራክ የሚጫነው አሸዋም ልክ ይበጅለት፤ አሸዋው በተነሳ ቁጥር ቆሻሻውና ውሃው ይቀራረባሉ።

ከባዱ ሽንት ቤቱ ነው። የሚያስፈልገው ወለሉና ግድግዳው የተዘጋ፣ የሚሞላ ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር እንጋጫለን። ጎረቤታችን የሆኑ እትዬ ይህንን ስነግራቸው «ታዲያ እንዲሞላ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብለው ሳቁብኝ። አዎ እትዬ፣ እንዲሞላ ነው። ሳቃቸው ግን ቁም ነገር አለው፤ የሚሞላ ጉድጓድ ማለት በየጊዜው መኪና መጥራት ነው፣ መኪና መጥራት ብር ነው፣ ብሩን ደግሞ ተከራይና አከራይ ይጣሉበታል። መኪናው የመጠጠውንስ የት ይደፋዋል? ሌሊት ሄዶ አሸዋው ሜዳ ላይ ከለቀቀው ሁላችንም ከፍለን ቦታ ቀየርንለት ማለት ነው። ማድረቂያ ሜዳ፣ የሚመዘግብ ሰው፣ ለባለመኪናው ሲያስረክብ የሚከፈለው ገንዘብ ያስፈልጋል። ሲያስረክብ ማስከፈል ሞኝነት ነው፤ ወደ ሜዳ ይነዳዋል።

ይህንን ሁሉ እያንዳንዱ አባወራ ከኪሱ ይሸፍን ማለት ፍትሕ አይደለም። ሳቢያን ያለ ድሃ ቤት ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሲያዘጋ የሚጠቀመው ከዚራ ሰፈር ያለው ውሃ ጠጪ ነው፣ ሐረርም እንደኛ ውሃውን ከዚሁ ቆላ ትቀዳለች። ከፋዩ ጠጪው መሆን አለበት፣ እንደ ሚዩኒክ፣ በውሃ ቢል ላይ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ውሃው የሕዝብ ሀብት መሆኑን ማንም አይከራከርም፤ ሀብቱን የሚጠብቅ መስመር ግን ቢላችን ላይ የለም። አንድ መስመር ይጨመርበት፣ «የውሃ ጉድጓድ ጥበቃ» ተብሎ። በሜትር ኩብ ጥቂት ሳንቲም ቢሆን እከፍላለሁ፣ ብር ቢሆንም አላጉረመርምም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ከመስመሩ አጠገብ በዚያ ወር የምጠጣው ውሃ ናይትሬት ስንት ሚሊግራም እንደነበር፣ ናሙናው ከየትኛው ጉድጓድ እንደተወሰደ ይታተምልኝ።